ፍራሽ በኪሎ

ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። አሁን የሚተኙበት ፍራሽ ስንት ዓመቱ ነው? ከየትስ መጣ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ይህንኑ ጥያቄ ለወገኖቼ ሳቀርብ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ “ቤት የተሰጠኝ ጊዜ የገዛሁት ነው” ይሉኛል፤ ወይ ደግሞ “እገሌ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር የተወልኝ ነው” ይሉኛል። እገሌ ከተሻገረ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። እዚያ ልጆች ወልዶ፣ ቤት ገዝቶ ይኖራል። ፍራሹ ግን እስከ ዛሬ እዚህ አምስተርዳም የእሱን ወገብ ቅርጽ ይዞ ተቀምጧል።

ነገሩ ቢያስቅም ምክንያት አለው። በዚህ አገር የማኅበራዊ ኪራይ ቤት ቁልፍ ስንረከብ ቤቱ ባዶ ብቻ ሳይሆን ራቁቱን ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ መጋረጃ የሌለው። ብዙዎቻችን ከማዘጋጃ ቤት ለዕቃ ማሟያ በብድር ያገኘናትን ገንዘብ ይዘን ወጥተን፣ ለወለሉ ይህን ያህል፣ ለመጋረጃው ይህን ያህል፣ ለማቀዝቀዣውና ለልብስ ማጠቢያው ይህን ያህል እያልን ከቆራረስናት በኋላ ለፍራሽ የምትተርፈው ፍርፋሪ ናት። “ግድ የለም፣ ለጊዜው ነው” እንላለን። ይህች “ለጊዜው” የምትባል ቃል በስደት አገር ስንት ነገር እንዳስቀረችብን እግዜር ይወቀው። ለጊዜው ተብሎ በተገዛ ፍራሽ ላይ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል።

ደግሞ ልብ ብለው ቢያዩት ፍራሽ መግዛት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። አዲስ አበባ ላሉት እናታችን ወፍራሙ ስፖንጅ ፍራሽ ከነአልጋው እንዲገዛላቸው ገንዘብ የምንልከው እኛው ነን። በየሆቴሉ አልጋ የሚያነጥፉ እኅቶቻችንም ከማንም በላይ ጥሩ ፍራሽ ያውቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ የከባድ ፍራሽ ጥግ እያነሡ አንሶላ ሲወጥሩ ይውላሉ። ማታ ግን መሐሉ ጎድጉዶ ባልና ሚስትን ወደ መካከል በሚያንሸራትት ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። እኔም በቀን አሥር ሰዓት መሪ ይዤ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስኪፖል ላይ የመንገደኛ ሻንጣ ለማንሣት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ወገቤ የሚነግረኝ ነገር አለው። ስለዚህ ላቴክስ ፍራሽ ለመግዛት ቆርጬ ስነሣ፣ ዱሮ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ ሳስተምር እንደማደርገው ደብተርና እርሳስ ይዤ ገባሁበት። ያገኘሁትን እነሆ ላካፍልዎት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላፍርስ። “ለወገብ የሚበጀው ጠንካራ ፍራሽ ነው” የሚለው አባባል በመካከላችን እንደ ሃይማኖት ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ አለዚያም በጠፍር አልጋ ላይ ተኝተው ወገባቸው ሳይጎብጥ ለሽምግልና የበቁ አያቶች አሉን። እነሱ ግን ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሲያርሱና ሲቆፍሩ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ እንጂ እንደ እኔ ወንበር ላይ ተጣብቀው አይውሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ የስፔን ጥናት አውጥቷል። የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ ጠንካራ፣ እኩሌቶቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸው። ከ90 ቀን በኋላ ሲመረመር፣ የበለጠ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ሱቅ ገብተው “ከሁሉ የሚጠነክረውን አምጣልኝ” የሚሉ ከሆነ እባክዎን አንድ ጊዜ ያስቡበት።

ላቴክስ የጎማ ዛፍ ልጡ ሲበጣ የሚያንጠባጥበው ነጭ ወተት ነው። ልጅ ሆኖ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ሰብሮ፣ “ዓይንህን እንዳትነካ!” የተባለ ሰው እንዲህ ያለውን ወተት ያውቀዋል። ዛፉ የብራዚል ነው። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ 70,000 ያህል ፍሬ ከአማዞን ወደ ለንደን አሻገረ፤ ከዚያ ዛፉ በእስያ ተዛመተ። ሆላንዶችም ያኔ በቅኝ ይገዟት በነበረችው በሱማትራ በሰፊው ተከሉት። በአርንሄም በኩል የሚያልፉ ከሆነ ሄፌያዶርፕ የምትባል መንደር አለች። ለጎማ ፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራች ስለሆነች ስሟን ያገኘችው ከዛፉ የላቲን ስም ነው። ይህን የምነግርዎት ጎማ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ያህል ነው።

ወተቱ ፍራሽ የሚሆንበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ደንሎፕ ይባላል። በ1929 እንግሊዝ አገር የደንሎፕ ኩባንያ ሰዎች ወተቱን እንደ እንቁላል መትተው አረፋ ካደረጉት በኋላ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሰው በሙቀት አበሰሉት፤ አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው። ሁለተኛው በፈልሳፊው ስም ታላላይ ይባላል። ቅርጽ ማውጫው በከፊል ብቻ ይሞላና አየሩ ሲመጠጥ አረፋው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይነፋል፤ ከዚያ ያቀዘቅዙታል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ያረጉታል፣ በመጨረሻም ያበስሉታል። ታላላይ ቀለል ያለና ለስለስ የሚል ሲሆን ሥራው ስለሚበዛ ዋጋውም ይበዛል። በዚሁ አገር ማስትሪኽት ከተማ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። የሁለቱንም ገበር ገልጠው ቢያዩ ከላይ እስከ ታች የተበሳሱ ቀዳዳዎች ያገኛሉ። ባለቤቴ ስታያቸው “ዓይኑ የወጣ እንጀራ!” አለች። አልተሳሳተችም፤ ፍራሹ የሚተነፍሰው በእነዚያ ዓይኖች ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። አምስተርዳም ላለን ዛውድኦስት ውስጥ ቪላ አሬናና አይኬያ አሉ፤ ሮተርዳም ላሉት አሌክሳንድሪዩም፣ ዴንሃግ ላሉት ሜጋስቶርስ። በየቦታው የሚሰማው ቋንቋ አንድ ነው። ሁሉም “ላቴክስ” ይላል፤ ትርጉሙ ግን ከፍራሽ ፍራሽ ይለያያል። አንዳንዱ ውስጡ ተራ ስፖንጅ ወይም ኮልድፎም ሆኖ ከላዩ ብቻ ሦስት ሴንቲ ሜትር ላቴክስ ተለጥፎበታል። በእኔ አስተያየት ይህ ላቴክስ ፍራሽ ሳይሆን ላቴክስ የተቀባ ስፖንጅ ነው። ሌላው “100 ፐርሰንት ላቴክስ” ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ከዛፍ የመጣ አላለም። ከነዳጅ ዘይት በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ላቴክስ አለ፤ ብዙው ገበያ ላይ ያለው የሁለቱ ድብልቅ ነው። “ናቱርላቴክስ” የሚል ቃል ካዩም “ከመቶው ስንቱ ከዛፍ ነው?” ብለው ይጠይቁ፤ ሃያውም ሰማንያውም በዚያው ቃል ሲጠራ ሊያጋጥምዎት ይችላልና። ኡኮቴክስ የሚለው ምልክት ደግሞ ጎጂ ኬሚካል መኖር አለመኖሩን የተመረመረ መሆኑን ይነግርዎታል እንጂ ፍራሹ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይናገርም።

ከዛፍ የመጣው ይሻላል ወይ? የመለጠጥ ኃይሉ ጥሩ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ቢገዛው አይከፋም። በወር ደመወዙ ላይ አገር ቤት ያሉትን ጨምሮ የሚያስተዳድር ሰው ግን በደንብ በተሠራ ድብልቅ ላቴክስ ላይ ቢተኛ የሚጎድለው ነገር አይታየኝም። የሚጎድለው ፍራሹ በቀጭኑና በስሱ የተሠራ እንደሆነ ነው። ወደ ርእሴ ያመጣኝም ይኸው ነው።

ተማሪዎቼ እፍግታ ማለት መጠነ ቁስ ሲካፈል ለይዘት መሆኑን ለፈተና ሸምድደው፣ ከፈተና በኋላ ይረሱት ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ለምን እንደሚጠቅም እኔም የዛሬውን ያህል ግልጽ አድርጌ አልነገርኳቸውም ይሆናል። ላቴክስ አረፋ ነው። አረፋ ውስጥ ወተቱ ብዙ ሲሆን አየሩ ትንሽ ነው፤ ወተቱ ሲቆጠብ አየሩ ይበዛል። ፋብሪካው የሚከፍለው ለወተቱ ነው፤ አየር ነፃ ነው። እርስዎም አየር ሲገዙ እንዳይውሉ የፍራሹን እፍግታ፣ ማለትም አንዱ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን መጠየቅ አለብዎት። ለደንሎፕ 60 ኪሎ የሚለው ሳሳ ያለ ነው፤ 70 እና 75 ከሆነ ደኅና ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጠንከር ያለና የሚቆይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የገበሩ ውፍረት ነው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ሻጩ “20 ሴንቲ ሜትር ነው” ሲል ብዙ ጊዜ ከነጨርቁና ከነመደረቢያው ነው። ዚፑን ከፍተው ቢለኩት ላቴክሱ ራሱ 14 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የክረምት ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ወፍራም ይመስል የለ?

በምሳሌ እንየው። ሁለቱም ወርዳቸው 90፣ ርዝመታቸው 200 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የደንሎፕ ፍራሾች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 480 ዩሮ ነው፤ ላቴክሱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ እፍግታው 60። ይዘቱ 0.9 በ2 በ0.14 ሲባዛ 0.252 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ60 ሲባዛ 15 ኪሎ ላቴክስ ማለት ነው። ሁለተኛው 650 ዩሮ ነው፤ ላቴክሱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ እፍግታው 75። ይዘቱ 0.324 ሜትር ኩብ፣ ክብደቱ 24.3 ኪሎ። አሁን ዋጋውን ለኪሎው ያካፍሉ። “ርካሹ” በኪሎ 32 ዩሮ ገደማ ሲያወጣ “ውዱ” በኪሎ 27 ዩሮ እንኳ አይሞላም። ሥጋ ቤት ገብተን ያለ ሚዛን ሥጋ የማንገዛ ሰዎች ፍራሽ ላይ ሲሆን ለምን በዓይን ግምት እንደምንገዛ አይገባኝም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ደንሎፕን ከደንሎፕ፣ ታላላይን ከታላላይ ጋር ሲያወዳድሩ ነው። ታላላይ በአሠራሩ ቀላል ስለሆነ ኪሎው አነስ ማለቱ ጉድለት አይደለም።

አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩን እፍግታውን ብጠይቀው “ጌታዬ፣ ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ ሰው የለም” አለኝ። “እንግዲያስ ፋብሪካው ያውቃልና ደውልልኝ” አልኩት። ደውሎም ነገረኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የተማረው ስለ ጨርቁና ስለ ቅናሹ ማውራት ብቻ ነው። ሊነግርዎት የማይችል ወይም የማይፈልግ ሻጭ ሲገጥምዎት አመስግነው ይውጡ። የሚቀጥለው ሱቅ ከመቶ ሜትር አይርቅም።

በየሱቁ ከመዞር በፊት ግን ኮንሱመንተንቦንድ የተባለው የሸማቾች ማኅበር ያወጣውን ምርመራ ቢያነቡ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ማኅበሩ በ1953 የተቋቋመ ነው፤ መጽሔቱን በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ሆላንድኛው ከከበደዎት ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። በአውሮፓ የፍራሽ መለኪያ ደንብ መሠረት 140 ኪሎ የሚያህል ጫና ያለው ጥቅልል ፍራሹ ላይ 30,000 ጊዜ ይንከባለልበታል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደሰመጠና እንደለሰለሰ ይለካል። በስም የገነነ ፍራሽ ከዚያ በኋላ አንገቱን ሲደፋ፣ ስሙን የማናውቀው ቀና ብሎ ሲገኝ ያጋጥማል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስን፤ ይኸውም ይሉኝታ ነው። ፍራሽ በእጅ ተጭኖ አይታወቅም። እኛ ግን ሱቅ ገብተን ሁለት ጊዜ በመዳፋችን ጫን ጫን አድርገን፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ ቁጢጥ ብለን፣ “ጥሩ ነው” ብለን እንነሣለን። ሰው በተሰበሰበበት፣ ያውም ባዳ ሻጭ ቆሞ እያየ፣ ባልና ሚስት ጋደም ማለት ነውር ይመስለናል። ሆላንዶቹን ይመልከቷቸው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች ጫማቸውን እግርጌ በተዘረጋው ፕላስቲክ ላይ አሳርፈው ተጋድመው ስለ እራት ይጨቃጨቃሉ። ማንም አያያቸውም። ባለቤቴን ለማሳመን ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ “ይኼኛው ትከሻዬን ይቆረቁረኛል፣ ያኛው ይሻላል” ብላ ፍርዷን ሰጠች። እኔ ያንን በስሌት ማወቅ አልችልም ነበር። እባክዎን በቤትዎ እንደሚተኙት በጎንዎ ተኝተው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ ትከሻና ዳሌ ሰመጥ ብለው የጀርባ አጥንት ከአንገት እስከ ወገብ ቀጥ ማለቱን ሌላ ሰው ከኋላ ይይልዎት። ሶፍት፣ ሚዲየም፣ ሃርድ የሚለውን ጽሑፍ ብዙ አይመኑት፤ የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም የሌላው ሃርድ ነው።

“ባለ ሰባት ዞን” የሚለውም እንዲሁ ነው። ለትከሻ ለስለስ፣ ለወገብ ጠንከር ያለ ስፍራ የተከፋፈለ ማለት ነው። ሐሳቡ ደኅና ነው። ነገር ግን ትከሻው የት እንደሚያርፍ የወሰነው ሰው እኔን ሳይሆን ረጅሙን የአገሩን ሰው ነው ያሰበው። አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት የሆነች እኅታችን ብትተኛ ትከሻዋ ለወገብ የተሠራው ጠንካራ ስፍራ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከተቻለ ያልተከፋፈለውን ይጠይቁ፤ ካልሆነም ዞኑ ከሰውነትዎ ጋር መግጠሙን ተኝተው ያረጋግጡ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ርዝመቱ 210 ወይም 220 የሆነውን “ለማንኛውም” ብለው አይግዙ። ለማይደርሱበት ሃያ ሴንቲ ሜትር ለምን ይከፍላሉ?

ስለ ደረጃው ላንሣ። የአምስተርዳምን አሮጌ ቤቶች ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ መሰላል ማለት ይቀላል። የቤቶቹ ጫፍ ላይ የሚታየው መንጠቆ ለጌጥ የተሰቀለ ሳይሆን ዕቃ በገመድ ተጎትቶ በመስኮት እንዲገባ ነው። ወርዱ 160፣ ውፍረቱ 18፣ እፍግታው 75 የሆነ አንድ ወጥ ላቴክስ 43 ኪሎ ይመዝናል። ያውም እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ አይያዝም፤ እንደ ሰከረ ሰው እዚህም እዚያም ይተጣጠፋል። ስለዚህ ሁለት ባለ 80 ቢገዙ እያንዳንዱ 22 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል፤ በመሐል ያለው ክፍተት ከረበሸዎት ቶፐር የሚሉትን ስስ መደረቢያ በሁለቱ ላይ ያነጥፉ። ሌላም ጥቅም አለው። በብዙ ቤት ባል የሌሊት፣ ሚስት የማለዳ ሠራተኛ ናት። እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብቼ ስተኛ እሷ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ይቀራታል። ላቴክስ እንደ ሽቦ ፍራሽ አይነቃነቅም፤ ሁለት ተለያይተው ሲሆኑ ደግሞ ጭራሽ አይሰማትም። ባልና ሚስት የተለያየ ክብደት ካላቸውም ለየራሳቸው የሚስማማውን መምረጥ ይችላሉ።

ከተገዛ በኋላ ያለው አያያዝ ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። አገር ቤት የጥጥ ፍራሽ በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ይመታው ነበር፤ እናቶቻችን ይህን የማታደርገውን ሴት ሰነፍ ይሏት ነበር። ላቴክስን ግን ገበሩን ገልጠው ፀሐይ ላይ አያስጡት። የፀሐይ ጨረር ያደርቀዋል፤ ይሰነጣጠቃል፣ እንደ አሮጌ ላስቲክ ይፈረፈራል። የሚፈልገው ፀሐይ ሳይሆን አየር ነው። ከሥሩ ርብራብ ይኑረው፤ በርብራቡ እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት ከአራት ሴንቲ ሜትር ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከሰፋ ላቴክሱ በክፍተቱ ይሰምጣል። ወለል ላይ ማንጠፍማ ፈጽሞ አይሆንም። ሌሊት የምናልበው ላብ ወደ ታች ወርዶ መውጫ ሲያጣ፣ በዚህ እርጥብ አገር ፍራሹ በፕላስቲክ እንደተቋጠረ እንጀራ ይሻግታል። ጠዋት ብርድ ልብሱን ወዲያው ከመሸፈን ይልቅ ገለጥ አድርጎ ትንሽ ማናፈስ ይበቃል።

የጓንት ላቴክስ እጃቸውን የሚያሳክካቸው፣ የሚያሳብጣቸው በጽዳትና በአረጋውያን እንክብካቤ ላይ የሚሠሩ እኅቶችና ወንድሞች አሉን። የፍራሽ ላቴክስ ታጥቦና በስሎ የሚወጣ፣ በጨርቅም የተሸፈነ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ አለርጂ ያለበት ሰው ሳይገዛ በፊት የቤተሰብ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስለ ክፍያና ስለ ሕግ ጥቂት ልበል። “1,200 የነበረው ዛሬ 599!” የሚል ቀይ ወረቀት ሲያዩ አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በዚህ አገር ሕግ፣ ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ “የነበረ ዋጋ” ብሎ መጻፍ ያለበት ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። ቢሆንም የእርስዎ መልስ ያው የኪሎ ሒሳብ ይሁን። በኢንተርኔት የገዙ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብዎን የመቀየር መብት አለዎት። ፕላስቲኩን ቀድደው ከሆነስ? አንድ ጀርመናዊ ይህንኑ ክርክር እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አድርሶት፣ ፍርድ ቤቱ በማርች 27 ቀን 2019 ፍራሽ እንደ ልብስ ነው፣ ተጸድቶ እንደገና ሊሸጥ ይችላል፣ ስለዚህ መሸፈኛው ቢወልቅም መመለስ ይቻላል ብሎ ወስኗል። ሱቅ ገብተው ተኝተው የመረጡትን ግን ሕጉ የመመለስ መብት አይሰጥዎትም፤ ሱቁ ራሱ “እቀይርልሃለሁ” ካለ በውሉ ላይ ያስጽፉት። “የአሥር ዓመት ዋስትና” የሚለውንም ትንንሹን ጽሑፍ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ሱቁ የሚሸፍነው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስንት ሴንቲ ሜትር ሲጎደጉድ ነው ጉድለት የሚባለው የሚለውም እዚያው ተጽፏል። ከኤፕሪል 27 ቀን 2022 ወዲህ በገዙ በአንድ ዓመት ውስጥ ጉድለት ከታየ፣ ጥፋቱ የእርስዎ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው።

“በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይክፈሉ” የሚለውን ግን አልወደውም። ብድር ነው፤ ተመዝግቦ ሊቆይና ነገ ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄዱ ሊታይ ይችላል። እኛ እቁብ የሚባል ወለድ የሌለው ባንክ አባቶቻችን አውርሰውናል። ሮተርዳም ያሉ ስድስት ቤተሰቦች በወር መቶ፣ መቶ ዩሮ ጥለው በስድስት ወር ስድስት ቤት ፍራሽ አስገብተዋል፤ የመጀመሪያው ዕጣ ወገቡ በጣም ለሚያመው እንዲሆን አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ደላላ የለው፣ ወለድ የለው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው ሰምቶ፣ “650 ዩሮ! በዚህ ብር እኮ የወንድሜን ልጅ ትምህርት ቤት እከፍላለሁ” አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። እኔ ያልኩት ይህን ነው። ፍራሹ አሥር ዓመት ካገለገለ በሌሊት 18 ሳንቲም ይመጣል። ጣቢያ ላይ ቆመህ የምትጠጣት የአንድ ቡና ዋጋ ሃያ ሌሊት ታስተኛለች። ያን ትምህርት ቤት የሚከፍለው ደግሞ ወገብህ ነው፤ እሱ የቆመ ቀን የወንድምህም ልጅ ይቆማል። ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ፣ “ባለ 80ውን ነው አይደል ያልከኝ?” አለ።

አሮጌውን ፍራሽ ዝናብ ላይ አውጥተው አይጣሉት። ከ2022 ጀምሮ በዚህ አገር ፍራሽ አምራቾችና አስመጪዎች አሮጌውን ሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ የማዋል ኃላፊነት አለባቸው፤ የራሰ ፍራሽ ግን ለዚያ አይሆንም። አዲሱን የሚያመጡት ሰዎች ይወስዱት እንደሆነና ስንት እንደሚያስከፍሉ ውል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ አለዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ ደውለው ቀን ያስይዙ። ደረሰኙን ደግሞ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ በዓመት ውስጥ ይለቃል፤ ፍራሹ ግን ገና አንድ ዓመቱ ነው።